የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ፦ ስሌቱ፣ ገበያውና የአካል ጉዳተኛው ቤት

በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ድጋፉን የሚያገኙት እርከን በመሥራት፣ መንገድ በመጥረግና በመሰል የማኅበረሰብ ሥራዎች ተሳትፈው ነው። በአካል ጉዳት፣ በጽኑ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት መሥራት ለማይችሉት ደግሞ ፕሮግራሙ ያለ ሥራ ይከፍላል። ይህም ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። የኑሮ ውድነት ሲበረታ ሌላው ቤተሰብ በቀን ሥራ ወይም በእንጨት ሽያጭ ጉድለቱን ለመሙላት ይሞክራል። ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኘው ግን ይህ አማራጭ የለውም። በመሆኑም ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ለእርሱ የዕለት ጉርስ ጉዳይ ነው።

ማን ይታቀፋል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ይህን ኃላፊነት በከፊል ወደ ተግባር አውርዶታል። በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ፣ ሰሜን ወሎና ደቡብ ወሎ ፕሮግራሙ ከሚሠራባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው።

ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ ግን አለ። አካል ጉዳት ብቻውን ተጠቃሚ አያደርግም። በመጀመሪያ ቤተሰቡ የምግብ ዋስትና የሌለው ድሃ መሆኑ በማኅበረሰቡ ይለያል። ቀጥሎ በቤቱ መሥራት የሚችል አዋቂ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ሠራተኛ ካለ ቤተሰቡ ወደ ማኅበረሰብ ሥራ ይመደባል። ከሌለ በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ከ2008 በጀት ዓመት ጀምሮ የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ክፍያ የታሰበው ለዓመቱ 12 ወራት ሲሆን የማኅበረሰብ ሥራ ተሳታፊዎች ክፍያ ለስድስት ወራት ነው።

ስሌቱ

የክፍያው መለኪያ እህል ነው። አንድ ሰው በወር የአምስት ቀን፣ በቀን ደግሞ ሦስት ኪሎ ግራም ይታሰብለታል፤ ይህም በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ይሆናል። ኋላ ላይ አራት ኪሎ ግራም ጥራጥሬ ተጨምሮበታል። ድጋፉ በእህል ሲሰጥ የገበያ ዋጋ ቢንር መጠኑ አይቀንስም። በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ግን የዋጋ ጭማሪው በቀጥታ ተጠቃሚው ላይ ያርፋል።

ለአብነት የሦስት ሰው ቤተሰብ በወር 45 ኪሎ ግራም እህል ይታሰብለታል። የበቆሎ ዋጋ በኩንታል 3,000 ብር ቢሆን ይህን ለመግዛት 1,350 ብር ይበቃል። ዋጋው ወደ 4,500 ብር ከፍ ቢልና ክፍያው ባይለወጥ ያው ገንዘብ 30 ኪሎ ግራም ብቻ ይገዛል። የወፍጮና የማጓጓዣ ወጪ ገና አልተቆጠረም። ማየት ወይም መራመድ የማይችል ሰው እህሉን ለሚሸከምለት ጭምር ይከፍላል።

ይህ ከዚህ ቀደም ታይቷል። ፕሮግራሙ ሲጀመር የቀን ተመኑ 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ 10 ብር ከፍ ብሏል። ሆኖም ጭማሪው በ2000 ዓ.ም. ከተከሰተው የእህል ዋጋ ንረት ጋር ሊራመድ አልቻለም። በዚያን ጊዜ ብዙ ተጠቃሚዎች ከብር ይልቅ እህል መርጠዋል። ከዚያ ወዲህ ተመኑ በየዓመቱ በገበያ ጥናት እንዲታይ አሠራር ቢዘረጋም የመጨረሻውን መጠን የሚወስነው የተያዘው በጀት ነው።

በከተሞች

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረ ሲሆን ኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። በዚህም መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ አለ። የከተማ ነዋሪ ከእህል በተጨማሪ የቤት ኪራይ ስለሚከፍል የዋጋ ንረቱ በሁለት በኩል ይመታዋል።

ተጠቃሚው ምን ማድረግ ይችላል?

ሳይታቀፍ የቀረ ወይም ያለ አግባብ የተሰረዘ ሰው ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል። ወደ ክፍያ ቦታ መሄድ የማይችል ደግሞ ተወካይ የመሰየም መብት አለው። ቤተሰቡ ከወኪሉ ጋር በመሆን የተከፈለውን መጠንና ወር መዝግቦ ቢይዝ ሲጓደል ለመጠየቅ ይረዳዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ነዋሪዎችም ወጪው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ በቀበሌ መጠየቅ ይገባል።

የእህል ዋጋ በአብዛኛው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ይረግባል፤ በክረምት ይወደዳል። የዘገየ ክፍያ በዚህ ወቅት አንድ ላይ ከደረሰ ለክረምት የሚሆን እህል መግዛት ያዋጣል። እህሉን በሚገባ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ከነቀዝ ይጠብቀዋል፤ በትንሽ ገንዘብ ለተገዛ እህል እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ አለውና።