የፒካሶ እጅ ኖርዌጂያዊ ነበር

በጁላይ 2020 ኦስሎ መሃል አንድ ግድግዳ ከሕንፃው ላይ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክብደቱ 250 ቶን ገደማ ነው። ላዩ ላይ ጀልባ ውስጥ ሆነው ዓሣ የሚጎትቱ ሰዎች ተቀርጸውበታል። ከዚያው ሕንፃ ውስጥ ደግሞ 60 ቶን ገደማ የሚመዝን ሌላ ግድግዳ ወጣ፤ በእሱ ላይ ያለው አንድ ትልቅ የባሕር ወፍ ነው። ሁለቱም በብረት ታቅፈው ከቦታቸው ተነሱ፤ ሕንፃው ግን በዚያው ዓመት ፈረሰ። የዓለም ጋዜጦች ዜናውን ተቀባበሉት። ርዕሱ በየቋንቋው ያው ነበር፤ "የፒካሶ ግድግዳዎች"።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ፓብሎ ፒካሶ ኖርዌይን በእግሩ ረግጦ አያውቅም።

ታዲያ ግድግዳውን ማን ሠራው? መልሱ በአብዛኞቹ ዜናዎች ውስጥ አለ፤ ግን ወረድ ብሎ፣ አንባቢ ገጹን ሊያጥፍ ሲል። ካርል ኔሻር ይባላል። ሠዓሊ፣ ቀራጺ፣ የኅትመት ጥበብ ሰው፣ ፎቶ አንሺ። በ1920 ላርቪክ በምትባል የኖርዌይ የባሕር ዳር ከተማ ተወልዶ በ2015 በ94 ዓመቱ ያረፈ። በመካከሉ ካለው ዕድሜ ውስጥ ከ1957 ጀምሮ ፒካሶ እስከሞተበት እስከ 1973 ያለውን ጊዜ "የሌላ ሰው እጅ" ሆኖ አሳልፎታል። እኛን ያስገረመን የፒካሶ ዝና አይደለም፤ እሱን ማንም ያውቀዋል። የገረመን ይኼኛው ሰው ነው። አንድ የራሱ ሸራ፣ የራሱ ቀለም ያለው አርቲስት እንዴት ይኼን ያህል ዓመት የሌላውን መስመር ሲያሰፋ ይኖራል? ተሸነፈ ይባላል? ወይስ ያተረፈው ነገር አለ?

ከመጀመሪያው እንጀምር። ኔሻር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብቅ ካለው የኖርዌይ ትውልድ ነው። ጀርመን አገሪቱን አምስት ዓመት ይዛ ከለቀቀች በኋላ የመጡት ወጣት ሠዓሊዎች የድሮውን ተራራና ፏፏቴ እንደወረደ መሳል ሰልችቷቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ አብስትራክት አዞሩ። ኔሻርም ሥዕል የጀመረው በዚህ መንፈስ ነው። ዕድሉን የለወጠው ግን ቀለም አይደለም። አርማታ ነው።

አዎ፣ አርማታ። ሲሚንቶና ጠጠር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኤርሊንግ ቪክሾ የሚባል አርክቴክትና ስቬሬ ዩስታድ የሚባል መሐንዲስ በ1950ዎቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ኖርዌጂያኖቹ "ናቱርቤቶንግ" ይሉታል፤ የተፈጥሮ አርማታ እንደማለት ነው። በተለመደው አሠራር ጠጠሩ ከሲሚንቶው ጋር ተቦክቶ አንድ ላይ ይፈስሳል። በእነሱ ዘዴ ግን መጀመሪያ ጠጠሩ ብቻውን ከጣውላ በተሠራ ማቀፊያ ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላል። ከዚያ ቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ በግፊት ይገባበትና በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል። ደርቆ ማቀፊያው ሲነሳ ግድግዳው ልሙጥና ግራጫ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ምሥጢሩ የሚወጣው አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ሲረጭበት ነው። የላዩ ቆዳ ይገፈፍና ከሥሩ ድንጋዩ ከነቀለሙ ይታያል።

እንግዲህ አስቡት። ግድግዳው ሁሉ ቢረጭ ሙሉ በሙሉ ድንጋያማ ይሆናል። በመስመር ብቻ ቢረጭስ? ሥዕል ይሆናል። የአሸዋው ቱቦ እርሳስ ሆነ ማለት ነው። እርሳሱ ግን ላጲስ የለውም። አንዴ የተገፈፈው ሲሚንቶ ተመልሶ አይለጠፍም።

ቪክሾ በዚያን ጊዜ ኦስሎ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገቡበትን ረጅም ሕንፃ እየሠራ ነበር፤ በ1958 የተጠናቀቀውን። ግድግዳዎቹ ላይ የአገሩ አርቲስቶች እንዲሠሩ ጋበዘ። ኢንገር ሲተር፣ ካይ ፌል፣ ኦድ ታንድበርግ፣ ቶሬ ሆላንድ፣ እና የእኛው ኔሻር። በ1957 ኔሻር የሙከራ ሥራዎቹን ፎቶ ይዞ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ወረደ፤ ፒካሶ ካን ከተማ ወዳለበት ቤት። ፒካሶ በዚያን ጊዜ 75 ዓመቱ ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው ብዙ ነው። ኔሻር ደግሞ 40 ያልሞላው፣ ከአገሩ ውጪ እምብዛም የማይታወቅ ሰው። ያሳየው ነገር ግን ሽማግሌውን ያዘው። ፒካሶ ሁልጊዜ ትልቅ ነገር ሊሠራ ይመኝ ነበር፤ እንደ ሐውልት፣ እንደ ሕንፃ የገዘፈ። የነሐስ ሥራ ውድ ነው፣ እብነ በረድ ዘመን ይፈጃል። ይኼ ግን ርካሽ ነው፣ ውጪ ብርድና ዝናብ ይችላል፣ እንደ ወረቀት ደግሞ ይሳልበታል። ተስማማ። ሥዕሎቹን ሰጠ፣ ኔሻር ኦስሎ ተመልሶ በረጅሙ ሕንፃ ደረጃዎች ግድግዳ ላይ ቀረጻቸው።

"ቀረጻቸው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እስኪ ትንሽ እንቆይበት፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነውና። አንድ ሰው በወረቀት ላይ በብዕር የሳለው መስመር ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ይሆናል። ግድግዳ ላይ ስንት ይሁን? የእጅ መዳፍ ያህል? ክንድ ያህል? ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ የሚያምረው ነገር አሥር ሜትር ላይ ሲሆን ሰካራም የሄደበት መንገድ ሊመስል ይችላል። ድንጋዩ ጥቁር ይሁን ቀላ ያለ፣ ደቃቅ ይሁን ሻካራ? ፀሐይ በየትኛው ሰዓት ትመታዋለች? ወረቀቱ ለዚህ ሁሉ መልስ የለውም። መልስ የሚሰጠው ቱቦውን የያዘው ሰው ነው። ኔሻር የሠራውን ፎቶ እያነሳ ለፒካሶ ያሳይ ነበር፤ ሽማግሌው አይቶ ይሁን ይላል። እኛ እንደምናስበው ይኼ ሰው ኮፒ አድራጊ አይደለም። ተርጓሚ ነው ቢባል ይቀርባል። ተርጓሚ ደግሞ ምን ያህል ስሙ እንደሚጠራ መጽሐፍ የምታነቡ ታውቁታላችሁ።

ከኦስሎው ሥራ በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። በጣም የወደድነው የባርሴሎናው ታሪክ ነው። በከተማዋ ካቴድራል ፊት ለፊት ያለው የአርክቴክቶች ማኅበር ሕንፃ ፒካሶን ሥዕል ጠየቀ። ፒካሶ ሥዕሎቹን በ1960 ሠራ፤ ግዙፍ አሻንጉሊቶች የሚዞሩበት የካታሎኒያ በዓል፣ ልጆች፣ ጭፈራ። ግን ስፔንን የሚገዛው ፍራንኮ ነው፤ ፒካሶ ደግሞ ፍራንኮ ባለበት አገሬ አልገባም ብሏል። ስለዚህ ወጣትነቱን ባሳለፈበት ከተማ ግድግዳ ላይ የፒካሶን መስመር ያሰመረው የሰሜኑ ሰው ኔሻር ሆነ። ሕንፃው በ1962 ተመረቀ። ፒካሶ በ1973 ሞተ፣ ፍራንኮ በ1975። ባለ ሥዕሉ ሥራውን በቦታው ሳያየው ቀረ ማለት ነው። ያየው በኔሻር ፎቶ ብቻ ነው።

ከግድግዳ ወደ ሐውልት የተሸጋገሩትም በዚያው ዘመን ነው። ፒካሶ ከቆርቆሮና ከካርቶን እያጠፈ የሚሠራቸው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ጭንቅላቶች ነበሩት። ኔሻር እነዚህን ወደ አርማታ አሳደጋቸው። በ1965 ስዊድን ውስጥ ክሪስቲነሃምን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በቬነርን ሐይቅ ዳር፣ 15 ሜትር የሚሆን የሴት ጭንቅላት ቆመ። በ1966 ስቶክሆልም ላይ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየሙ ግቢ "የሣር ላይ ምሳ" የሚባለው ሐውልት ቡድን ተተከለ። በ1968 ኒውዮርክ ላይ፣ በአርክቴክት አይ. ኤም. ፔይ ቢሮ በተነደፉት ሦስት ማማዎች መካከል፣ ሲልቬት የምትባለው ባለ ጅራት ፀጉር ልጃገረድ 11 ሜትር ሆና ቆመች፤ 60 ቶን ገደማ። መነሻዋ በ1954 የተሠራች፣ በእጅ የምትነሳ ቆርቆሮ ናት። ኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም የአትክልት ስፍራም በ1967 የተሠራ አለ። ባጠቃላይ ሁለቱ በጋራ የሠሯቸው ከ30 ይበልጣሉ። አንድ ደግሞ ያልተሳካ አለ፤ ለደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ታስቦ የነበረ፣ ከ30 ሜትር በላይ የሚሆን የሴት ሐውልት። ገንዘቡ አልተገኘም፣ ቀረ። (እውነቱን ለመናገር አልቆጨንም። ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም።)

ኔሻር በዚህ ሁሉ ውስጥ የራሱን ሥራ አልተወም። ሥዕሉን ቀጠለ። ከሁሉ የሚገርመን ግን ፏፏቴዎቹ ናቸው። በሰሜን አገር የከተማ ፏፏቴ ክረምት ሲገባ ይዘጋል፤ ቱቦው እንዳይፈነዳ። ኔሻር ለምን ይዘጋል አለ። በበጋ ውኃ የሚፈስስበት፣ ብርዱ ሲመጣ ውኃው በብረቱ ላይ እየረጋ በረዶ የሚሆንበት፣ መብራት ሲበራበት ከውስጥ የሚያበራ ፏፏቴ ሠራ። ቅርጹን ብርዱ ይወስናል፤ ዛሬ ያያችሁት ነገ የለም። በ1980 አሜሪካ ሌክ ፕላሲድ ላይ ለተደረገው የክረምት ኦሊምፒክም አንድ ሠርቷል። የሌላውን ሰው መስመር አንዲት ስንዝር ሳያዛንፍ በድንጋይ ላይ ያሰፈረ ሰው የራሱን ሥራ ለብርድ አሳልፎ ሲሰጥ ማየት ደስ ይላል።

አሁን ወደ ኦስሎ እንመለስ። ቪክሾ ከረጅሙ ሕንፃ አጠገብ ሁለተኛ ሕንፃ ሠራ፤ ከላይ ሲታይ የላቲኑን ዋይ ፊደል ስለሚመስል ዋይ-ብሎክ ተባለ። በ1969 አለቀ። ኔሻርም በፒካሶ ሥዕል ዓሣ አጥማጆቹን በመንገዱ በኩል ባለው የውጪ ግድግዳ ላይ፣ የባሕር ወፉን በመግቢያው አዳራሽ ውስጥ ቀረጸ። አላፊ አግዳሚው ቲኬት ሳይቆርጥ የሚያየው ፒካሶ ማለት ይኼ ነበር።

ጁላይ 22 ቀን 2011 አንድ ቀኝ አክራሪ በረጅሙ ሕንፃ ደጃፍ ቦምብ የጫነ መኪና አቁሞ አፈነዳ። ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወደ ኡቶያ ደሴት ሄዶ በወጣቶች ካምፕ 69 ሰው ገደለ። መስኮቶቹ ረገፉ፣ ጣሪያው ወረደ፣ የአርማታው አጽም ግን ቆመ። ግድግዳዎቹም ከነሥዕላቸው ተረፉ።

ቦምቡ ያላፈረሰውን ለማፍረስ የወሰነው መንግሥት ነው። በ2014 ረጅሙ ሕንፃ ይትረፍ፣ ዋይ-ብሎክ ይፍረስ ተባለ። ምክንያቱ የፀጥታ ጉዳይ ነው፤ ከሕንፃው ሥር የመኪና ዋሻ ያልፋል፣ አዲሱ የመንግሥት ሰፈርም ቦታ ይፈልጋል። ይኼን ምክንያት እንደ ተራ ሰበብ መቁጠር አንፈልግም። ባልደረቦቹን በፍንዳታ ያጣ ሠራተኛ ዋሻ ላይ ቢሮ አልፈልግም ቢል ማን ይፈርድበታል? በሌላ በኩል ደግሞ ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ነገር ክብደት ነበረው። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ አይደለም፤ ሥዕሉ ራሱ ግድግዳው ነው። ሕንፃውን ጥለህ ሥዕሉን አተርፋለሁ ማለት አይሆንም አሉ። ዩሮፓ ኖስትራ የሚባለው የቅርስ ድርጅት በ2020 በአውሮፓ እጅግ አደጋ ላይ ካሉ ሰባት ቅርሶች አንዱ ብሎ መዘገበው። የኒውዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ባለሙያዎች ለኖርዌይ ባለሥልጣናት ደብዳቤ ጻፉ። የኔሻር ልጅም አባቷ የሠራው ከቦታው እንዳይነሳ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመች። ኔሻር ራሱ ውሳኔው ሲሰማ 93 ዓመቱ ነበር፤ የመጨረሻውን ሳያይ በቀጣዩ ዓመት አረፈ።

አልተሳካም። መጋዙ ገባ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች ወጡ፣ አዲስ በሚሠራው ሕንፃ ውስጥ ቦታ እንዲሰጣቸው ተወሰነ። እኛ ከሁለት አንዱን ምረጡ ብንባል ሕንፃው ቢቆይ እንመርጥ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹ ለዚያ መንገድ፣ ለዚያ ብርሃን ተለክተው የተሠሩ ናቸውና። የለካቸው ደግሞ በርዕሱ ላይ ስሙ ያልወጣው ሰው ነው።

ኒውዮርክ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ግን ዕድለኞች ናችሁ። ሲልቬት ከነማማዎቹ በ2008 በከተማው ቅርስነት ተመዝግባለች፤ የሚነካት የለም። በብሊከርና በሂውስተን ጎዳናዎች መካከል ናት። ስትሄዱ ከፊት ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ፤ ዙሩዋት። ከጎን ስትታይ እንደ ወረቀት ቀጭን ናት፣ ትንሽ ገፋ ስትሉ ፊቷ ሁለት ይሆናል። ከዚያ ተጠግታችሁ መስመሮቹን እዩ። ጥቁሮቹ መስመሮች ቀለም አይደሉም። አሸዋ የገለጣቸው ጠጠሮች ናቸው።