ጢስ አባይ ፏፏቴ፦ የውኃው ድልድልና ክርክሩ

ጢስ አባይ ፏፏቴ፣ ጢስ እሳት ተብሎም የሚታወቀው፣ የአባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ከጥቁር ድንጋይ ገደል ቁልቁል የሚወረወርበት፣ በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኝ የተፈጥሮ መስህብ ነው። የገደሉ ቁመት 40 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ የሚወርደው ውኃ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ስፍራው ለመብራትም ለጎብኚም ተፈልጓል። ሁለቱም የሚሹት ያንኑ አንድ ውኃ በመሆኑ፣ በተለይ ከ2001 ወዲህ የፏፏቴው ስም በተነሳ ቁጥር ክርክሩም አብሮ ይነሳል። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፍራው

ገደሉ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው። የጣና ሐይቅም አሁን ያለውን መልክ የያዘው የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የአባይን መውጫ ስለዘጋው ነው። ገደሉ ለዓሣ ድንበር ሆኗል፤ ከታች ያሉት የአባይ ዓሦች ሽቅብ መውጣት ስለማይችሉ፣ በጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ለብቻቸው ተፈጥረው ቀርተዋል። የሐይቁን ዓሣ የሚያጠኑ ሊቃውንት ጢስ አባይን ሳያነሱ የማያልፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ወንዙ ጎጃምንና በጌምድርን ሲለይ የኖረ ነው። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ የሚገኘውና ሕዝቡ የፖርቹጋሎች ድልድይ የሚለው የዓላታ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን አገሮች ለማገናኘት የተሠራ ነው፤ ዛሬ ጎብኚ ወደ ፏፏቴው የሚወጣው ይህንኑ ድልድይ ተሻግሮ ነው። በ1770 ከጎንደር ተነስቶ ስፍራውን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ቀደም ብሎ ስለ ፏፏቴው ከጻፈው ከኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ጋር በጽሑፍ ተሟግቷል። ሎቦ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ ይላል፤ ብሩስ ደግሞ ይህን የመሰለ ውኃ ሰው አያስጠጋም ብሎ ሐሰተኛ አደረገው። ምናልባት አንዱ በበጋ፣ ሌላው ወንዙ ሲበረታ አይተውት ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ዘመን የሙግቱ መነሻ የውኃው ብዛት ነበር።

ከ1976 ጀምሮ በታተመው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የፏፏቴው ሥዕል ነበረ። አንድ ብር በሳንቲም እስኪተካ ድረስ ጢስ አባይን በዓይኑ ያላየ ሰው በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ክርክሩ በአካባቢው ብቻ ሳይወሰን የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው መጥቶ የሚያየውን የሚያነጻጽረው ከዚያ ሥዕል ጋር ነው።

ሁለቱ ማመንጫዎች

ጢስ አባይ ቁጥር 1 በ1964 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። በዚያው ዘመን ለተተከለው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ለከተማዋ መብራት ሰጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከፏፏቴው በላይ ከወንዙ ጥቂት ውኃ ተጠልፎ በቦይ ይሄዳል፣ ፏፏቴው የሚወርድበትን ከፍታ በቱቦ ወርዶ ተርባይን ያዞራል፣ ከዚያም ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ወንዙ አንዲት ጠብታ አይጎድልበትም። የሚጎድልበት ፏፏቴው ብቻ ነው። ያም ቢሆን ጠለፋው ትንሽ ስለነበር ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ነገሩ የተለወጠው በሁለት ደረጃ ነው። በ1996 ከጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ሁለት በሮች ይዞ ተሠራ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩለት። በዚያው በ2001 ጢስ አባይ ቁጥር 2 በ73 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። ሁለቱ ማመንጫዎች ተደምረው 84.4 ሜጋ ዋት ይሆናሉ።

ቁጥሩን ወደ ውኃ ስንመልሰው ክርክሩ ከምን እንደመጣ ይገባል። በዚያ ከፍታ በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ የሚሰጠው ኃይል በግምት 0.4 ሜጋ ዋት ነው። ወንዙ ከጣና ሲወጣ የዓመት አማካይ ፍሰቱ በሰከንድ 125 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ማመንጫዎቹ በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ ከዚህ አማካይ የበለጠ ውኃ መዋጥ ይችላሉ ማለት ነው። ፏፏቴው የሚያገኘው ትርፉን ሆነ።

ግድቡ ያመጣው ለውጥ ከዚህም ረቀቅ ይላል። ዱሮ ጣና በክረምት ሞልቶ በነሐሴና በመስከረም ገፍቶ ይወጣ ነበር፤ በበጋ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። አሁን የክረምቱ ውኃ ሐይቁ ውስጥ ተይዞ ይቆይና ለበጋ ይለቀቃል። በወረቀት ላይ የበጋው ፍሰት ከተፈጥሮው ጨምሯል። ነገር ግን የጨመረው ውኃ ፏፏቴው ጫፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ ቦዩ ስለሚዞር፣ ገደሉ የክረምቱንም ኃይል አጣ፣ የበጋውንም ጭማሪ ሳያገኝ ቀረ።

የተከራካሪዎቹ ነገር

ለማመንጫው የሚቆሙት የሚያነሱት መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ2001 አገሪቱ የነበራት የማመንጨት አቅም እጅግ አነስተኛ ነበር፤ 73 ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ መጨመር ትልቅ ነገር ነው። የጨረጨራ ግድብ ደግሞ ሰው አላፈናቀለም፣ አዲስ ሐይቅ አልፈጠረም፤ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችውን ማጠራቀሚያና ከፍታ ነው የተጠቀመው። በፈረቃ መብራት ሲማረር ለነበረ ከተሜ፣ ወፍጮው በቆመበት ቀን ስለ ፏፏቴ ውበት ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

በሌላው ወገን ያሉት የጢስ አባይ ከተማ ነዋሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ነጠላና ቅል ይዘው መንገድ ዳር የሚቀመጡ ሴቶችና ልጆች ናቸው። የባሕር ዳር ሆቴሎችም ከእነሱ ጋር ይቆጠራሉ፤ ከተማዋ ለጎብኚ የምታቀርበው ሁለት ነገር ነው፤ የጣና ገዳማትና ፏፏቴው። የእነዚህ ሰዎች ኪሳራ የወቅት ጉዳይ ስላለበት የባሰ ነው። የውጭ ጎብኚ የሚበዛው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የመጣውም በጥር ወደ ባሕር ዳር ወረድ ይላል። ያን ጊዜ ክረምቱ አልፏል፣ ተርባይኑ ግን አላረፈም። ገደሉ ላይ ከዳር አንድ ጅረት ወርዶ የቀረው ድንጋይ ደርቆ ያየ እንግዳ፣ የመግቢያ ትኬት የቆረጠለትን ሰው ነው የሚወቅሰው።

እዚህ ላይ የሚሳተው ነገር፣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «መብራት ወይስ ውበት» ተብሎ መቅረቡ ነው። እውነቱን ለመናገር ፏፏቴውም ገበያ ነው። የተጋጩት ሁለት ንግዶች ናቸው፤ አንዱ ገቢው ወደ ብሔራዊው የኃይል ቋት የሚገባ፣ ሌላው ገቢው በየዕለቱ በጢስ አባይ ሰው እጅ የሚውል። የመጀመሪያው ድርሻውን የሚያስጠብቅለት መሥሪያ ቤት አለው። ሁለተኛው የለውም።

ሕጉም ዘግይቶ ነው የመጣው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/2000 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውለውን ውኃ ከሌላው አስቀድሟል፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ግን ስለ ጢስ አባይ ምንም አይወስንም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/2002 የወጣው ቁጥር 2 ሥራ በጀመረ በዓመቱ ነው።

በ2003 ደግሞ ሌላ ወገን ክርክሩ ውስጥ ገባ። ዝናብ ባጠረበት በዚያ ወቅት ኃይል እንዳይቋረጥ ተብሎ ውኃ ስለተለቀቀ፣ የጣና ወለል ከመጠን በላይ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጎለ። ለጣና ዓሣ አጥማጆችና መርከበኞች ከዚያ በፊት የፏፏቴው ጉዳይ የእነሱ ጉዳይ አልነበረም።

የ2009ኙ ጥናት

በክርክሩ ውስጥ ቁጥር ያስገባው በ2009 የታተመ የሃይድሮሎጂ ጥናት ነው። ማካርትኒ፣ ሽፈራውና ስለሺ የተባሉት አጥኚዎች ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝ መሠረታዊ ሥነ ምህዳሩን ይዞ እንዲቀጥል በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ በፏፏቴው በኩል ማለፍ አለበት ሲሉ ገመቱ፤ ይህም ከዓመታዊው አማካይ ፍሰት 22 በመቶ ነው። በደረቅ ዓመትም ቢሆን በየትኛውም ወር ፍሰቱ በሰከንድ ከ3.7 ሜትር ኩብ ማነስ እንደሌለበት አመለከቱ።

ይኸው ጥናት ግን፣ ግምቱ ለፏፏቴው ውበት ምንም ድርሻ እንዳልያዘ በግልጽ ተናግሯል። ይህ የአጥኚዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ሥራቸው ወንዙ በሕይወት እንዲቆይ የሚያስፈልገውን መገመት ነበር። በሰከንድ 3.7 ሜትር ኩብ ዓሣና ሣር ያቆይ ይሆናል፤ 400 ሜትር በሚሰፋ ገደል ላይ ሲበተን ግን ከጥቂት ክር አያልፍም። በኃይል ሲመነዘር 1.5 ሜጋ ዋት ገደማ መሆኑም ልብ ይባል። ለተርባይኑ ቁጥር አለ፣ ለመርከቡ የወለል ቁጥር አለ፣ በዚህ ጥናት ለዓሣውም ቁጥር ተገኘ። ለሚታየው ውኃ ብቻ ቁጥር ያወጣለት አልነበረም፤ ቁጥር የሌለው ነገር ደግሞ በድልድል ጊዜ የሚደርሰው የተረፈው ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ቁጥር አውጥቶ ያውቃል። አሜሪካና ካናዳ በ1950 በተፈራረሙት የናያጋራ ውል፣ በጎብኚ ወቅት በቀን ሰዓት ቢያንስ በሰከንድ 2,830 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ በፏፏቴው ላይ እንዲያልፍ፣ በሌሊትና በቀዝቃዛው ወራት የዚህ ግማሽ እንዲበቃ ተስማምተዋል። የቀረውን ማመንጫዎች ይከፋፈሉታል። ናያጋራን የሚያይ ሰው የሚያየው በሰዓት የተመደበ ውኃ ነው፤ ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው አለ፣ ግን ፏፏቴው አለ። ብራዚልና ፓራጓይ በበኩላቸው በ1982 የኢታይፑ ግድብ ሲሞላ የጉዋይራን ፏፏቴዎች ሙሉ በሙሉ በውኃ ውጠዋል።

ጣና በለስ

በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ ክርክሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ይህ ማመንጫ የጣናን ውኃ በምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያወርዳል፤ የሚወርድበትም ከፍታ ከ300 ሜትር በላይ ነው። ያው አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በጢስ አባይ ከሚሰጠው ኃይል በበለስ በኩል ከስድስት እጥፍ በላይ ይሰጣል። ስለዚህ የጢስ አባይ ማመንጫዎች በአብዛኛው ወደ ተጠባባቂነት ወረዱ።

ይህ ለፏፏቴው የምሥራች ሊመስል ይችላል፤ ግማሹ እውነት ነው። ከፏፏቴው ጫፍ ውኃ የሚነጥቀው ቦይ ሥራው ቀንሷል። ነገር ግን ውኃው አሁን ከጨረጨራ ጀምሮ ነው የሚቀረው፤ በበለስ የሄደው ውኃ ወደዚህ ወንዝ ተመልሶ የሚገናኘው ከፏፏቴው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት በታች፣ ሱዳን ጠረፍ አጠገብ ነው። ፏፏቴው ላይ የሚወርደው አሁን በጨረጨራ በሮች በኩል የተለቀቀው ነው።

የሰሜን ተራሮች ጅንባር

በጎንደር በኩል ያለው የጅንባር ፏፏቴ ለንጽጽር ይጠቅማል። ጅንባር በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሳንቃበርና በግጭ መካከል ከ500 ሜትር በላይ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ሲሆን፣ ውኃው በክረምት የበረታ፣ በበጋ የሳሳ ነው። የሚያሳሳው ግን ማመንጫ ሳይሆን የወቅቱ መለዋወጥ ነው። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 የወጣው በመንገድ፣ በእርሻ፣ በግጦሽና በዋልያ ቁጥር ምክንያት ነበር። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተነስተዋል። የሎጅ ሥራም በፓርኩና በዙሪያው ገብቷል። እዚያ ያለው ጥያቄ ማን ይኑርበት፣ ማን ይለፍበት፣ የት ይገንባ የሚል ነው።

ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ በነሐሴ ከገደሉ ብዙ ውኃ ሲወርድ ያያል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም፣ ምክንያቱም ከክረምት አልፎ ለማንም የሚበቃ አይደለም። የጢስ አባይ ችግር ከጀርባው ትልቅ ሐይቅ መኖሩ ነው፤ ውኃውን ዓመቱን ሙሉ መያዝና መልቀቅ ስለሚቻል ለእያንዳንዱ ወር ወሳኝ ሰው አለ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ታላቁ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2025 በ5,150 ሜጋ ዋት ሲመረቅ የሁለቱ ጢስ አባዮች 84.4 ሜጋ ዋት ከእሱ አቅም ሁለት በመቶ የማይሞላ ሆኗል። በ2001 የነበረው የኃይል እጥረት መከራከሪያ ክብደቱ ቀንሷል። የበለስ ግን አልቀነሰም፤ ለፏፏቴው የሚለቀቅ ውኃ ዛሬ የሚቀነሰው ከበለስ ነው።

መጠኑን ለማወቅ ቀላል ስሌት ይበቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት አራት ወራት፣ በቀን ለስምንት ሰዓት በሰከንድ 30 ሜትር ኩብ ውኃ በፏፏቴው ላይ ይለፍ ቢባል ድምሩ ወደ 104 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል፤ ከዓመታዊው አማካይ ፍሰት ሦስት በመቶ አይሞላም። ችግሩ የጨረጨራ በር ከፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር መራቁ ነው። ጠዋት የተከፈተ በር ውኃው ጢስ አባይ የሚደርሰው ዘግይቶና ተለሳልሶ ስለሆነ፣ ቀንና ሌሊትን እንደ ናያጋራ መለየት አይመችም። ወይ ሌሊቱን ጨምሮ መልቀቅ ያስፈልጋል፣ በዚህም ወጪው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ወይም የሌሊቱን ውኃ በጢስ አባይ ተርባይኖች ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ አሮጌውን ማመንጫ ለፏፏቴው ሲባል እንዲሠራ ያደርገዋል።