ሳፍሮን፣ እርድና ሁሩድ፦ በባብ ኤል መንደብ ዙሪያ የአንድ ቢጫ ቅመም ስያሜ

የአፍሪቃ ቀንድን የቅመም ስሞች ለሚያጠና ሰው «ሳፍሮን» አሳሳች ቃል ነው። ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባት በጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓንን በመሰሉ ቀደምት ሰፈሮቿም ጭምር፣ ችግሩ ጎልቶ ይታያል፤ ፈረንሳይኛ እርድንም «የህንድ ሳፍሮን» ብሎ ይጠራዋልና።

እውነተኛው ሳፍሮን የአንድ ወይን ጠጅ አበባ ሦስት ቀይ ክሮች ናቸው። አንድ ኪሎ ግራም ለማግኘት ወደ 150,000 የሚጠጋ አበባ ይለቀማል። በጥንቱ ዓለም ልብስ ማቅለሚያ፣ መድኃኒትና ሽቶ ነበር። እርድ ግን ከምድር የሚቆፈር፣ ደርቆ የሚወቀጥ ሥር ነው። የሚያመሳስላቸው ቀለማቸው ብቻ ነው።

በ1ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕሉስ፣ የመን ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ሙዛ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ሳፍሮንን ይቆጥራል። በወዲያኛው ዳር ለአዱሊስና ለአቫሊቴስ በሰጠው ዝርዝር ግን ሳፍሮን የለም። የመጽሐፉ ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የቃላቱ ምስክርነት ግን ያግዘዋል። የየመን ዐረብኛ እርድን «ሁሩድ» ይለዋል፤ በሶማሊኛ «ሁሩድ» እርድም ቢጫ ቀለምም ነው፤ የአማርኛው «እርድ» ከእነዚሁ ጋር ይቀራረባል። የቃሉን ፈለግ ወደ ሳንስክሪቱ «ሀሪድራ» የሚያደርሱት አሉ። በሕዝብ አፍ የሰረጸው እንግዲህ የሳፍሮን ሳይሆን የህንዱ ሥር ስም ነው። ለአልጫ ወጥ ቢጫነቱን የሚሰጠውም እርሱ ነው።

የስም መወራረስ አዲስ ነገር አይደለም። በዕብራይስጥ «ካርኮም» ሳፍሮን ሲሆን፣ ዘመዱ የዐረብኛው «ኩርኩም» እርድ ነው። ሱፍም ሌላ ምሳሌ ይሆናል፤ በብዙ አገር ገበያ የአበባው ቅጠል በሳፍሮን ስም ሲሸጥ፣ በኢትዮጵያ ግን የሚፈለገው ለጾም የሚጠጣውና የሚፈተፈተው ፍሬው ነው።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ሥራ «እርድ»ን ወይም «ሁሩድ»ን «ሳፍሮን» ብሎ መፍታት ጥቃቅን ስሕተት አይደለም። በአንድ የጉምሩክ ሰነድ የሰፈረ የድኻ ማድቤት ቅመም የባለጸጋ ሸቀጥ ሆኖ ይነበባል፤ የንግዱም ታሪክ ይዛባል። ፍቺው ከቀለም ሳይሆን ከተክሉ፣ ከሚወሰደው ክፍልና ከአገልግሎቱ ሊነሣ ይገባል።