የሦስተኛ ወገን መድን (በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች)

ባለተሽከርካሪ የገዛ ንብረቱን ሳይሆን ሌላውን፣ ይኸውም እግረኛውን፣ ባለጋሪውንና የመንገድ ዳር ሱቁን፣ ከመኪናው ለሚደርስበት ጉዳት ለመካስ በግዴታ የሚገባው ውል ነው። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ ሆኖ ከተደነገገ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ፤ ይህም አዋጅ ለሞት የሚከፈለውን ካሳ ቢበዛ በ40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለውን ቢበዛ በ100,000 ብር ወሰነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ ለአንድ ነፍስ ቤተሰብ እጅግ ጥቂት እንደ ነበረ መካድ አይቻልም።

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መባቻ ከተመረቀ ወዲህ፣ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ አጥር በተበጀለት ጎዳና ላይ ባጃጅና ጋሪ እንዲገቡ ስላልተፈቀደ፣ ፈጣኑና ዘገምተኛው ተለያይተዋል፤ ከሞጆ ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ በሚወርደው በነባሩ አስፋልት ላይ ግን የጭነት መኪናው፣ አህያውና ባጃጁ ዛሬም በአንድነት ይተራመሳሉ፤ መድኑ የሚያስባቸው እግረኛና ባለጋሪም የሚገኙት እዚሁ ነው።

መንጃ ፈቃድ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ባይፈቀድም፣ አባት ወይም አጎት የገዛውን ባጃጅ ታዳጊው ተረክቦ በአዳማ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሲያመላልስ ይታያል፤ ፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የመድን ምልክት ስለ መኪናው እንጂ ስለ ነጂው ዕድሜ አይመሰክርም። አረቦኑም የሚተመነው በተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት ስለሆነ፣ ያልበሰለውን ነጂ ከአረጋዊው አይለይም። መድን ሰጪው ተጎጂውን ከካሰ በኋላ፣ ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ አደጋው መድረሱ ሲረጋገጥ፣ የከፈለውን ከባለንብረቱ መልሶ ይጠይቃል።