ስልክና የደከመ ጆሮ

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይሉ ነበር። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሰው የሚወራው ወሬ በመጨረሻ የሚደርሰው ለራሱ ለባለ ጉዳዩ መሆኑን ለመግለጽ ነው። ለሌላ ነገርም ይስማማል። ጆሮ ሲደክም ከባለቤቱ በፊት የሚያውቁት ሌሎች ናቸው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋልጠው ደግሞ ስልክ ነው።

ከመካከላችን አንድ አባት አሉ። ልጃቸው ደውላ የሐኪም ቀጠሯቸው ማክሰኞ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸው የሰሙት የቃሉን ጭራ ብቻ ነበርና ሰኞ ዕለት በሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው በከንቱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮኽ አያነሡም ነበር፤ ቢያነሡም «እሺ፣ እሺ፣ ደኅና ነን» ብለው ይዘጋሉ። ልጆቹ አባታችን ተቀየሙን ብለው አዘኑ። እሳቸው ግን በማንም አልተቀየሙም። በዕብራይስጥ «ማክሺር ሽሚዓ» የምንለው የመስሚያ መሣሪያ በጆሯቸው ላይ ነበረ፤ ከስልክ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አላሳያቸውም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው። የስልክና የደከመ ጆሮ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነውና ከመነሻው እንጀምር። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስልክ የተወለደበት ቤት

የስልክ ፈልሳፊ የሚባለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1847 በስኮትላንድ፣ በኤዲንበርግ ከተማ ተወለደ። የእናቱ የኤሊዛ ጆሮ የደከመ ስለ ነበር ልጁ ወደ ግንባራቸው ተጠግቶ በዝግታ ያነጋግራቸው እንደ ነበር ይነገራል። አባቱ የንግግር መምህር ነበሩ። ቤልም ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በቦስተን ከተማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ሆነ። በ1874 ክላረንስ ብሌክ ከሚባል የጆሮ ሐኪም ባገኘው የሞተ ሰው ጆሮ ላይ ቀጭን ገለባ አያይዞ፣ ድምፅ የጆሮውን ታምቡር ሲያንቀጠቅጥ ገለባው በጥላሸት በተቀባ መስታወት ላይ መስመር እንዲጽፍ አደረገ። ይህች ስስ ቆዳ ከእሷ የሚከብዱትን የጆሮ አጥንቶች ማንቀሳቀስ ከቻለች፣ ድምፅ ብረትን ማንቀሳቀስ ለምን ያቅተዋል ብሎ አሰበ። የፈጠራ መብቱን ያገኘው መጋቢት 7 ቀን 1876 ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሜብል ሀባርድን አገባ። ሜብል በልጅነቷ በትኩሳት በሽታ መስማት የተሳናት የቀድሞ ተማሪው ነበረች። የሰውን ንግግር የምትረዳው ከንፈሩን አይታ ነው። በስልክ ደግሞ ከንፈር አይታይም። እንግዲህ ስልክን የፈለሰፈው ሰው ከገዛ ሚስቱ ጋር በስልክ መነጋገር አልቻለም። ቤል በትምህርት ቤት የምልክት ቋንቋን ይቃወም ስለ ነበረም መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስሙን በበጎ አያነሡትም። ይህንንም ሳንደብቅ ማለፍ አለብን።

መሣሪያው የስልክ ልጅ ነው

ከስልክ በፊት ጆሮው የደከመ ሰው እንደ ጥሩምባ ያለ ቀንድ በጆሮው ይደግን ነበር። ራሱ ጆሮው የደከመው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 በከሰል የሚሠራ የስልክ መነጋገሪያ አበጀ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ሚለር ሪስ ሃችሰን የተባለ የአላባማ ሰው ይህን የከሰል ማይክሮፎን፣ ባትሪውንና ማዳመጫውን ከስልክ ወስዶ የመጀመሪያዎቹን የኤሌክትሪክ መስሚያ መሣሪያዎች ሠራ። ከተጠቀሙባቸውም አንዷ የእንግሊዝ ንግሥት አሌክሳንድራ ነበሩ።

መሣሪያው ለብዙ ዓመታት ከባትሪው ጋር በደረትና በወገብ የሚታሰር ሸክም ነበር። ያቀለለው በታኅሣሥ 1947 በቤል የምርምር ተቋም የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር ገብቶባቸው ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ በ1952 መጨረሻ የወጣው የመስሚያ መሣሪያ ነበር። የስልክ ኩባንያውም ለቤል መታሰቢያ ሲል ከመስሚያ መሣሪያ ሠሪዎች የፈጠራ መብት ክፍያ እንዳይጠየቅ አደረገ።

የፈሰሰው ማግኔት

መሣሪያው ቢቀልም ከስልክ ጋር አልታረቀም ነበር። የስልኩን እጀታ ወደ ጆሮ ሲያስጠጉት መሣሪያው ራሱ ያወጣውን ድምፅ መልሶ እየሰማ ያፏጫል። የቤቱም ጫጫታ አብሮ ይገባል። መፍትሔው የተገኘው ማንም አስቦ ካልሠራው ነገር ነው። በአሮጌው የስልክ ማዳመጫ ውስጥ ማግኔት አለ፤ ከማግኔቱም ኃይል ጥቂቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል። በመስሚያ መሣሪያው ውስጥ ትንሽ ጥቅል ሽቦ ቢቀመጥ የፈሰሰውን ኃይል ይቀበልና ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ማይክሮፎኑ ስለሚዘጋ ፉጨትም ጫጫታም የለም፤ የሚሰማው ስልኩ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ከቀደሙት አንዱ ከሩሲያ ወደ እንግሊዝ የተሰደደው አይሁዳዊ መሐንዲስ ጆሴፍ ፖሊያኮፍ ነው። በ1937 ሽቦ በአዳራሽ ዙሪያ ተዘርግቶ ድምፅን በማግኔት ኃይል ወደ መስሚያ መሣሪያ የሚያደርስበትን ዘዴ አስመዘገበ። ዛሬ በብዙ መሣሪያዎች ላይ «ቲ» በምትባለው የላቲን ፊደል የሚታወቀው ቦታ የዚህ ጥቅል ሽቦ ምልክት ነው።

ነገር ግን በአጋጣሚ የተገኘ ነገር በአጋጣሚ ይጠፋል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ኃይል የማያባክኑ አዳዲስ የስልክ ማዳመጫዎች መጡ። ማግኔቱ መፍሰሱን ሲያቆም፣ ትናንት በስልክ ይሰሙ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሕዝብ ስልክ ፊት ደንቆሮ ሆነው ቆሙ። ያን ጊዜ ዴቪድ ሳክስ የተባለ የሜሪላንድ ሰው ማኅበር አቋቁሞ ለዓመታት ተሟገተ። በ1982 የወጣው ሕግ የሕዝብና የአደጋ ጊዜ ስልኮች ለመስሚያ መሣሪያ ተስማሚ እንዲሆኑ አዘዘ። የ1988ቱ ሕግ ደግሞ ከነሐሴ 1989 ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሠራና ወደዚያ ለሚገባ የመደበኛ ስልክ ሁሉ ይህንኑ ግዴታ አደረገ።

የእጅ ስልክ ግን ከሕጉ ውጭ ቀርቶ ነበር። ሲስፋፋም ችግሩ እንደገና ተነሣ፤ ብዙዎቹ ዲጂታል ስልኮች በመስሚያ መሣሪያ ውስጥ እንደ ንብ ይጮኹ ነበርና። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ2003 ለእጅ ስልኮችም ግዴታ ጣለ፤ በ2024 ደግሞ ሁሉም ደረጃ በደረጃ ተስማሚ እንዲሆኑ ወሰነ። የጠየቀ ባይኖር ኖሮ አንዱም አይደረግም ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ለእኛ ስልክ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል የመጣነው ወላጆቻችንን ትተን መጥተናል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ሲገቡም ወደ ኋላ የቀረ ዘመድ ነበረ። በመርካዝ ክሊታ ቴሌካርት ይዘን በሕዝብ ስልክ ፊት ተሰልፈን፣ ማን እንዳለና ማን እንደ ሌለ የሰማነው በዚያች ቀጭን ሽቦ ነው። እንግዲህ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ስልክ መስማት ሲያቅተው የሚቋረጠው ከዘመድ ጋር ያለው ገመድ ነው።

የቋንቋችንም ጠባይ አለ። የድሮው ስልክ የሚያስተላልፈው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 የሚደርሱ ንዝረቶችን ነው። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ኃይሉ ከዚያ በላይ ስለሆነ ይቆረጣል። ስለዚህ «ሠራ» ያልነው «ፈራ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። በዕድሜ የደከመ ጆሮም አስቀድሞ የሚያጣው እነዚሁኑ ቀጫጭን ድምፆች ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች ሰፋ ያለ ድምፅ ስለሚያስተላልፉ በዚህ ይሻላሉ።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ መሣሪያ የሚሰጠውን ባለሙያ፣ ማለትም ክሊናይ ቲክሾሬቱን፣ «ይህ መሣሪያ ቲ አለው ወይ? ተከፍቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ጥቅል ሽቦው ኖሮ ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በጣም ትንንሾቹ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ጭራሹኑ ላይኖር ይችላል። ብሉቱዝ ያለው መሣሪያ ከሆነ ድምፁ ከእጅ ስልኩ በቀጥታ ወደ ጆሮ ይገባል፤ ይህን የሚያያይዝላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥና ያለ ቲ የሚሠራ ከሆነ፣ ስልኩ የሚያዘው በጆሮ ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ በማይክሮፎኑ አጠገብ ነው። ትንሽ ዘንበል ቢያደርጉት ፉጨቱ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ለእኛ ለደዋዮቹ ነው። አንጩኽ፤ ጩኸት ድምፁን ያበላሻል። ስማችንን እናስቀድም፤ በዝግታ እንናገር። የቀጠሮ ቀን ስንነግር «ማክሰኞ፣ ከሰኞ ቀጥሎ ያለው» እንበልና የሰሙትን መልሰው እንዲነግሩን በአክብሮት እንጠይቅ። «እሺ» ማለት ሁልጊዜ ሰማሁ ማለት አይደለም፤ ሽማግሌ እንደገና ተናገር ማለት ያፍራልና።

የእኚያ አባት ነገርስ? የልጅ ልጃቸው ከባለሙያው ዘንድ ወሰዳቸው፤ ቲው በመሣሪያቸው ውስጥ ኖሮ ሳይከፈት ቆይቶ ነበር። ከተከፈተ በኋላ ልጃቸው በቤት ስልካቸው ደወለችላቸው። ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፣ ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ?» አሏት። ዛሬ ስልክ ሲጮኽ የሚያነሡት እሳቸው ናቸው።

በድሮ ጊዜ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። እኛም የዚህ ጽሑፍ አንባቢ በቤቱ፣ በጎረቤቱ፣ ስልክ ማንሣት የተወ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢኖር ነገ ሄዶ መሣሪያቸውን እንዲያይላቸው አደራ እንላለን።