ሬክስ
ሬክስ በአይቢኤም ሜይንፍሬም ኮምፒውተሮች ላይ የተስፋፋ የትእዛዝ ቋንቋ ነው። የአይቢኤም ባልደረባ ማይክ ካውሊሾ በ1979 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ1983 ለደንበኞች ቀረበ። ፕሮግራመሮች ከቀደመው የትእዛዝ ቋንቋ ከኤክሴክ 2 አብልጠው የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካውሊሾ ሥራውን በድርጅቱ የውስጥ መረብ እያሠራጨ፣ የተጠቃሚዎችን አስተያየት እየሰማ ነበር ያረመው። ስሌቱም በአሥር ቤት ስለሆነ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ በትክክል 0.3 ይሆናሉ፤ በብዙ ቋንቋዎች ግን ጥቃቅን ትርፍ ይከተላል። ለበርበሬ በረንዳ ነጋዴ የሳንቲም ሒሳብ የሚስማማው እንዲህ ያለው ስሌት ነው።

ተገቢ ቅሬታም አለ። ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ የራሱን ስም በትልልቅ ፊደላት እንደ ዋጋ ይይዛል፤ ስለዚህ በስሙ አንድ ፊደል ቢሳሳት ፕሮግራሙ ሳያስጠነቅቅ ሊቀጥል ይችላል። ጠንቃቃ ጸሐፊዎች መጀመሪያው ላይ ‹ሲግናል ኦን ኖቫልዩ› የሚለውን ትእዛዝ ያስቀምጣሉ፤ ያኔ ስሕተቱ ወዲያው ይያዛል።