ስም የሌለው ቢላዋ

አሮጌ ሰንጢ እያደኑ የሚሰበስቡ ሰዎች ዕቃው እጃቸው ሲገባ ይከፍቱና ስለቱ ከእጀታው የሚገናኝበትን ቦታ ያያሉ። ሰሪው ምልክቱን የሚያትመው እዚያ ነው። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስቀልና ጋሻ አለው፤ የእንግሊዟ ሼፊልድ የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር ደግሞ በ1624 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ የየሰሪውን ምልክት ሲመዘግብ ኖሯል። ምልክቱ ከታወቀ ዕድሜው ይገመታል፣ ዋጋውም ይወጣል።

ይህን ዓይን ይዛችሁ ጎንደር ብትመጡስ? የአገር ቤቱ አሮጌ ቢላዋ ብዙ ጊዜ ምንም አይልም። አንደኛ፣ ገዢው ሰሪውን በመልክ ያውቀዋል፤ ማኅተም ምን ያደርጋል? ሁለተኛው ምክንያት ግን ያማል። በጎንደር ዙሪያ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ከሚቀጠቅጡት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው ወለቃ አንዷ መንደራቸው ናት። ገበሬው ያለ እነሱ አያርስም፣ አያጭድም። ዞር ሲል ግን «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይላል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አልቀረም። ስሙ ስድብ የሆነበት ሰው ብረት ላይ ቢያትመው ምን ያተርፋል?

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሄደ። የሠሩት ብረት ግን በየማጀቱ ቀረ።

እና ስለቱ ያለቀ፣ እጀታው የጠቆረ ቢላዋ ካገኛችሁ በዋጋው ከመከራከራችሁ በፊት «ማን ሠራው?» በሉ። ስሙን የምታስታውስ አያት ካለች ወዲያው ጻፉት።